ባላምባራስ አልታሰርም ያሉ ዕለት

ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ሰውነቴን ያሳክከኛል። ሰበታ ውስጥ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ከተባለ እኔ ስለ ድርቅ ማውራት እጀምራለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሽታ ትለዋለች፤ እኔ ንባብ እለዋለሁ። ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከብዙ ሰው ጋር መስማማት አይችልም፤ ጊዜውም የለውም። ስለዚህ ይህን ስታነቡ፣ ሰውዬው የመኪና ቀበቶ የሚያስረው አስተዋይ ስለሆነ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። መጀመሪያ ያሰርኩት ሰው ሁሉ አትሰር ስላለኝ ነው። ማስተዋሉ የመጣው ኋላ ነው፤ እሱም የሰው ጥርስ አስወልቆ።

መኪናዋን የገዛኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። አሮጌ ናት፣ ግን ጨዋ ናት። ሁለቱ የፊት መቀመጫዎች ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርድ፣ በብረት ዘለበት የሚቆለፍ ሰፊ ጥቁር ቀበቶ አላቸው። መሐንዲሱ ቁልፉን ሲሰጠኝ ስለ ሞተሩ አንድ ቃል፣ ስለ ጎማው ሁለት ቃል ተናገረ፤ ስለ ቀበቶው ግን እንደ ነፍስ አባት ግማሽ ሰዓት መከረኝ።

ሰበታ ስደርስ መካኒኩ አያት። «ጋሼ፣ ይሄን ጠፍር ቆርጬ ላውጣልዎት? ለበግ ማሰሪያ ይሆናል» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ፈርቶ ነው የሚነዳው እንዳይሉህ» አለኝ። የቢሮ አለቃዬ ይባስ ብሎ «እንደ ሕፃን ታዝለህ ነው የምትመጣው አሉ» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ምክር ሲሰጠኝ ነገሩ አለቀ። ያን ቀን የቆለፍኩትን ቀበቶ፣ ከመኪና ለመውረድ ካልሆነ በቀር፣ እስከ ዛሬ አልፈታሁም።

እስቲ ፍረዱኝ። ማሰር የማይወድ ሕዝብ ብንሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። እናቶቻችን በመቀነት ይታጠቃሉ፤ ወታደሩ በዝናር፣ መነኩሴው በጠፍር። ነጋዴው ጤፍ በአህያ ሲጭን በመጫኛ አራት ጊዜ ጠምጥሞ፣ በጉልበቱ ረግጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያጠብቀው። ጤፉ እንዲህ ታስሮ ይጓዛል። ጤፉን የሚበላው ሰውዬ ግን አህያ በሕልሟ እንኳ በማትሮጠው ፍጥነት በሚበር ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ድንች ይንከባለላል፤ «እንዴት ነው፣ አይመችህም?» ስትሉት «ነፃነት እወዳለሁ» ይላችኋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ግርማ ሰበታ ውስጥ መምህር ነው። ሱሉልታ የምትኖር አልማዝ የምትባል ልጅ ወዶ፣ እሷም ወዳው፣ ነገሩ ወደ አባቷ ደረሰ። አባቷ አቶ መንገሻ ሣር ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸው አንድ ነው ይባላል። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይምጣ። እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካለፈ ግን ለዘጠኝ ሰዓት የቀጠርኳቸው ሌሎች ሽማግሌዎች አሉ» ብለው ላኩ። እነዚያ ሌሎቹ የአንድ ባለ ወፍጮ ልጅ ሽማግሌዎች እንደሆኑ ግርማ ሰምቷል። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ሰሌዳ ላይ ቁጥር ሲጽፍ ስድስትን ትቶ ከአምስት ወደ ሰባት ይዘል ነበር አሉ።

ሽማግሌዎቻችን ሁለት ነበሩ። ተናጋሪው የሰበታው ባላምባራስ ወርቅነህ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ አንደበታቸው ግን ገና የሃያ ዓመት ኮርማ። የሰው ዘር ሰባት ቤት ድረስ ሲቆጥሩ ሰሚው የራሱን አያት ስም ከሳቸው ይማራል። ሁለተኛው የቡራዩው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም ነበር። እኔ ሾፌር ነኝ። እህቴ ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጣልኛለች። «አንተ መሪውን ብቻ ያዝ። አፍህን ከከፈትክ ልጄ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።»

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ባላምባራስ ከነካባቸው መጡ። እኔ ከግራ፣ እህቴ ከቀኝ ደግፈን መኪናዋ ውስጥ አስገባናቸው። ለማዕረጋቸው የሚገባው የፊት ወንበር ነውና ፊት ተቀመጡ። ቀበቶውን ስስብ እጄን ያዙት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀበቶ ነው ባላምባራስ። ድንገት ብንጋጭ እንዳይወረወሩ ነው።»

«እኔ? ታስሬ ልጅ ልጠይቅ? አባቷ ‹ይሄን ሽማግሌ ማን አስሮ ላከው› አይሉም?»

«ስንደርስ እፈታዎታለሁ።»

«ካባዬስ ሲጨማደድ?»

«ካባ ይተኮሳል። ፊት ግን…»

«ዝም በል! ብንገለበጥ ዘልዬ እወጣለሁ።»

ቆማ የምትጠብቅ መኪና ውስጥ ለመግባት ሁለት ሰው የደገፋቸው ሽማግሌ፣ ከምትገለበጥ መኪና ዘልለው ሊወጡ ነው። እህቴ ዓይኗን አፍጥጣ ባታየኝ ኖሮ ይህንኑ እነግራቸው ነበር።

«ደግሞስ» አሉ ባላምባራስ፣ «ቀኔ ከደረሰ ይሄ ጠፍር ያስቀረኛል?»

«ቀንዎ ካልደረሰስ? ሞት የተቆረጠ ቀን አለው እንበል። ለጥርስስ ማን ቀን ቆረጠለት? ለአፍንጫስ? ለጉልበትስ?»

«አንተ ልጅ፣ ስታድግ ጥሩ ጠበቃ ይወጣሃል» አሉኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

እኔ የራሴን ቆለፍኩ። እሳቸው በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ልቅ ሆነው ተቀመጡ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ዞረን ቡራዩ ስንደርስ ሰዓቱ ገና አራት ነበር፤ ሱሉልታ ገብተን የአቶ መንገሻን ደጅ ጠረግ አድርገን የምንጠብቅበት ጊዜ ነበረን። መንገዱ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ኦቦ ቶሎሳ የሚጠብቁን የት እንደሆነ ለመጠየቅ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ይሄኔ ጋቢ የለበሱ አንድ ረጅም ሽማግሌ ዱላቸውን ዘርግተው መንገዱ መካከል ቆሙ።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ቁም!»

በሕግ አምላክ ተብሎ የማይቆም ሰው እኔ ጋ የለም። ቆምኩ። ሽማግሌው በመስኮት ጎንበስ ብለው አዩን። በመሪው በኩል እኔ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ በጥቁር ጠፍር ተጠፍሬ። ከጎኔ ባላምባራስ፣ ካባ ለብሰው፣ በትር ጨብጠው። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ የሚፈርደውን ፈረዱ።

«ምን አጥፍቶ ነው ይሄ ሰው?» ብለው ባላምባራስን ጠየቁ።

ባላምባራስ — ይህን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳላቸውም — ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «ምን ያላጠፋው አለ!» አሉ።

«ዋስ የለውም?»

«ለዚህ ማን ዋስ ይሆናል?»

«እኔ እሆናለሁ። ፍቱት! በሰንበት፣ የቡራዩ ሰው እያየ፣ ሰው ታስሮ አያልፍም።»

ሕዝቡ ከበበን። አንዱ «እስረኛው ራሱ ነው እንዴ የሚነዳው?» ሲል ሌላው «ታዲያ ባለ ካባው መንዳት ይችላሉ?» ብሎ ዘጋው። ሦስተኛው ከሳሽ የት እንዳለ ጠየቀ። አራተኛው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ዳኛ እንምረጥ አለ። ነገሩ ችሎት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ማንም አላሰረኝም! እኔው ነኝ ራሴን ያሰርኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡ። «አዬ፣ የማን ልጅ ይሆን! ጠበል ነው እኮ የሚወስዱት።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ከወንጀለኛነት ወደ እብድነት ተዛወርኩ። እናትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ይዘውት ከመጡት ጠርሙስ ጠበል አፍስሰው በመስኮት ረጩኝ። «ይጮሃል?» ሲል አንዱ ይጠይቃል፤ «አሁን ሲጮህ አልሰማህም?» ይለዋል ሌላው። ረጋ ብዬ ላስረዳ ብዬ ስለ ስዊድን መንገድ፣ ስለ መሐንዲሱ፣ ስለ ዘለበቱ ብረት መናገር ስጀምር «ይኸው፣ ተነሳበት!» አሉና ጥቂት ፈቀቅ አሉ።

ባላምባራስ በመጨረሻ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው እንባቸውን በካባቸው ጫፍ ጠረጉ። «ቶሎሳ፣ አካም ጂርቱ!» ብለው ሽማግሌውን በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው። «ይሄ እኮ የግርማ አጎት ነው። ወደ ሱሉልታ የሚወስደን እሱ ነው።»

ለካ ዋስ የሆኑልኝ እኛው የምንፈልጋቸው ኦቦ ቶሎሳ ኖረዋል። ተቆጡ። «ሰላም ነው፣ ሰላም! ቀድመህ አትናገርም ነበር ባላምባራስ? ሰው ፊት አዋረድከኝ!» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቢሆንም ከአፌ ወጥቷል። ቤትህ እስክትመለስ ድረስ ዋስህ ነኝ።»

ሕዝቡን አሰናብተን፣ እናትየዋን አመስግነን (ጠበሉ አንገቴ ላይ ይወርዳል)፣ ኦቦ ቶሎሳን ከኋላ አስቀምጠን ስንነሳ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። እንጦጦን ስንወጣ ኦቦ ቶሎሳ ዘለበቴን በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው መረመሩት።

«እዚህ ኋላ የለም ይሄ?»

«የለም ኦቦ ቶሎሳ፤ ከፊት ብቻ ነው።»

«ጥፋት ነው። እኔ አርባ ዓመት በቅሎ ጭኛለሁ። ያልታሰረ ጭነት ሲወድቅ ራሱ ብቻ አይወድቅም፤ በቅሎዋንም ይዟት ነው የሚወድቀው።»

ወዳጆቼ፣ እኔ ተቃዋሚ ሲያጋጥመኝ ነው ቀጥ ብዬ የምነዳው። ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው ግን ለጤናዬ አደገኛ ነው፤ አልለመድኩትም። ደስታዬ ልክ አጣ። ቁልቁለቱን ይዘን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ አንድ እጄን ከመሪው ላይ አንስቼ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ማስተማር ጀመርኩ።

«አዩ ኦቦ ቶሎሳ፣ ሰው የሚጎዳው መኪናው ስለሚጋጭ ብቻ አይደለም። መኪናው ሲቆም እሱ ስለማይቆም ነው…»

«አህያ!» አሉ ባላምባራስ።

ስድብ መስሎኝ መልስ እያሰናዳሁ ወደ ፊት ስዞር፣ ሣር የተጫነች አህያ መንገዱን አቋርጣ ቆማለች። መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ፣ ከመንገድ ወጥታ፣ በአፍንጫዋ ቦይ ውስጥ ገባች።

መኪናዋ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ባላምባራስ ግን አልቆሙም።

ካባቸው እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ መስተዋቱን በግንባራቸው፣ ከሥሩ ያለውን ብረት በአፋቸው መቱት። ዘልዬ እወጣለሁ ያሉት እስከ ግማሹ ተሳክቶላቸው ነበር። በዚያው ቅጽበት ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ በወንበሬ ላይ ተወርውረው መጥተው በሁለት እጃቸው አንገቴን ጠመጠሙት። ዋሴ አነቀኝ። ስንት ነበር ፍጥነታችን ትሉኝ እንደሆነ፣ የተቆጣች በቅሎ ትቀድመን ነበር። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» እያለ ቀበቶ የሚንቅ ሰው ስላለ ነው ይህን የምናገረው። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ቀስ ብሎ አይሞትም።

ጉዳቱ ሲቆጠር እንዲህ ነበር። ባላምባራስ ሁለት የፊት ጥርስ፣ አንድ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ግንባራቸው ላይ ቡጢ የሚያህል እብጠት። ኦቦ ቶሎሳ አንድ ትከሻና አንድ ጉልበት። መኪናዋ አንድ መስተዋት። አህያዋ ምንም፤ እንዲያውም ከተጫነችው ሣር ጥቂት በልታለች። እኔ ደረቴን አግድም የሚያቋርጥ አንድ ሰንበር፣ ከዚያም በሰንበሩ ሥር፣ በጣም ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ሐፍረት። ቀበቶ የማያድነው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የአህያዋ ባለቤትና ጎረቤቶቻቸው በመጫኛ ስበው መኪናዋን አወጡልን። ባላምባራስ ጥርሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። ስድስት ሰዓት አልፏል። አንድ ነገር ለማለት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ከማበጡ የተነሳ የወጣው ትንፋሽና ምራቅ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ አንደበት፣ ያ ሁሉ ሰባት ቤት፣ መሐረብ ውስጥ ተቋጥሮ ቀረ።

«በል እንግዲህ» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ። «እኔ የግርማን ዘመዶች አላውቃቸውም። ሥጋው አንተ ነህ። ትናገራለህ።»

የእህቴ ፊት ታየኝ።

አቶ መንገሻ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሰባት ሰዓት ሊሞላ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ቀጠሯችን ስድስት ሰዓት ነበር» አሉ። ከዚያ የባላምባራስን ፊትና የኦቦ ቶሎሳን ማነከስ አይተው ድምፃቸው ተለወጠ። «ማነው እንዲህ ያደረጋችሁ? የባለ ወፍጮው ወገኖች ናቸው?»

ልብ በሉልኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል፣ ወይም ራሴን ዝቅ አድርጌ ብተክዝ፣ ባለ ወፍጮው አለቀለት፤ ግርማ አገባ። ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው ወደ ሰማይ ማየት ጀምረው ነበር። እኔ ግን የተሳሳተ ነገር ሲነገር ሰምቶ ማለፍ አልችልም፤ ለጥቅሜም ቢሆን።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሾፌሩ ነኝ። የልጁም አጎት ነኝ።»

«አጎት ሆነህ ነው የራስህን ሽማግሌዎች የሰባበርካቸው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አህያዋን፣ ዞሬ ማስተማሬን፣ ቀበቶውን፣ የባላምባራስን እምቢታ። ባላምባራስ በመሐረባቸው ውስጥ አጉረመረሙ። አቶ መንገሻ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አንተስ? ለምን አልተሰበርክም?» አሉ። ሸሚዜን ከፍቼ ሰንበሩን አሳየኋቸው።

ወደ መኪናዋ ሄዱ። ቀበቶውን ሳቡት፤ ቆለፉት፤ ፈቱት፤ እንደገና ቆለፉት። ጀርባቸውን እንደሰጡን ተናገሩ።

«ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ሣር ይጭን ነበር። እዚችው ቁልቁለት ላይ፣ እኔ እየነዳሁ፣ ከጎኔ በሩ ተከፍቶ ወድቆ ቀረ። መኪናው አልተገለበጠም። ሣሩን በደንብ አስረነው ነበር፤ አንዲት ነዶ እንኳ አልወደቀችም።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቃወመው ነገር አጣሁ። በመጨረሻ አቶ መንገሻ ዞሩ።

«ግቡ፣ ቁጭ በሉ» አሉ። «እርስዎም ይግቡ» አሉኝ፤ አንተ ማለታቸውን ትተው።

በወጉ መሠረት ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን፤ ባላምባራስ ግን ግንባራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዘሩን እሳቸው በጣታቸው እየቆጠሩ፣ እኔ ስሙን እየጠራሁ፣ ኦቦ ቶሎሳ እያጸደቁ ሰባት ቤት አለፍን። ሦስተኛው ቤት ላይ ተሳስቼ በበትራቸው እግሬን መቱኝ።

አቶ መንገሻ አሰብ አደረጉ። «ልጁ ስሜን ሳያውቅ ልጄን ወዷል፤ ይሁን። ሌሎቹን ሽማግሌዎች እመልሳቸዋለሁ፤ ዋሽቶ ልጄን ሊወስድ ይችል የነበረ ቤተሰብ እውነቱን ነግሮኛልና። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። በሠርጓ ቀን ከዚህ ደጅ የምትወጣው በዚህች መኪና ነው። ታስራ።»

«ሙሽራ? ታስራ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ከጓዳ የሴቶች ጉርምርምታ ተሰማ።

«ታስራ። ያልታሰረ ሰው ምን ሆኖ እንደሚመጣ አይቻለሁ» ብለው በአገጫቸው ወደ ባላምባራስ አመለከቱ።

«ቀበቶው እኮ ሁለት ብቻ ነው» አልኩ። «አንዱ የሾፌሩ ነው። ሙሽራው የት ይቀመጣል? ኋላ?»

«ከልጄ ጀርባ ያልታሰረ ሰው አይቀመጥም። የኋላው ሰው ያንቱን አንገት ምን እንዳደረገው አሁን ነግረውኛል። ሙሽራው በአውቶቡስ ይምጣ።»

ተፈራረምን ማለት ይቻላል። ስንመለስ ባላምባራስ ሳይጠየቁ ካባቸውን ሰብስበው፣ ቀበቶውን ስበው፣ ቆልፍልኝ የሚል ጣት አሳዩኝ። ኦቦ ቶሎሳ ዋስትናቸውን እዚያው ሱሉልታ አውርደው በአውቶቡስ ተመለሱ።

በጥር ሠርጉ ሆነ። አልማዝን ከነቬሏ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ዘለበቱን ቆልፌ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነዳሁ። ግርማ ከነሚዜዎቹ በአውቶቡስ ተከተለን፤ አውቶቡሱ ግን በየመንገዱ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ወደ ኋላ ቀረ። ሰበታ ስንደርስ ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሕዝቡ ወደ መኪናዋ ተመመ። በሩን ከፍቼ እኔ ስወርድ እልልታው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሙሽራው ነው ብለው የጠበቁት ሰው ሽበታም ነበር።

እህቴ ወደ አልማዝ በር ሮጣ «ነይ ልጄ፣ እንግባ፤ እሱ ይደርስብናል» አለቻት።

አልማዝ ቬሏን ገለጥ አድርጋ መንገዱን አየች። አውቶቡስ የለም።

«እትዬ፣ ባል የሌለበት ሠርግ ቤት ገብቼ ምን እሠራለሁ?» አለች። ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተደገፈች፤ ቀበቶዋ እንደተቆለፈ ነው። «ግርማ መጥቶ እሱ ይፍታኝ።»

ከበሮ መቺዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንዲቷ ጎረቤት መኪናዋን እየዞረች ዘፈኑን ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አውቶቡሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሯት።